የከዚራን ንግድ ለማነቃቃት ገለልተኛ አማካሪ ስለመቅጠር፦ ቢጋሩ (የሥራው ዝርዝር መግለጫ) ላይ ምን ይጻፍ?

የከዚራ ነጋዴ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በድሬዳዋ ከዚራ የምንነግድ ጥቂት ሰዎች፣ የሰፈሩን ንግድ እንዴት ማነቃቃት እንደሚቻል የሚያጠና ገለልተኛ አማካሪ ገንዘብ አዋጥተን ለመቅጠር ተስማምተናል። ውል ከመፈራረማችን በፊት እንዲህ ያለውን ሥራ የሠራችሁ፣ ያሠራችሁ ወይም ከተማዋን በቅርብ የምታውቁ ሰዎች እንድትመክሩን እጠይቃለሁ።

ከተማዋን ለማታውቁ ያህል፣ ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ከዚራ ከባቡር ጣቢያው ደጃፍ የሚጀምር፣ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች የተቀየሰና ግራና ቀኙን ዛፍ የተተከለለት ሰፈር ነው። ሆቴሉም፣ ቡና ቤቱም፣ የልብስና የሽቶ ሱቁም የቆመው ከባቡር በሚወርደው መንገደኛ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ይሄድ የነበረው አሮጌው ባቡር ካቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ደግሞ ጣቢያው ከመሀል ከተማው ወጣ ያለ በመሆኑ መንገደኛው ከዚራን ሳይረግጥ ወደ ጉዳዩ ያልፋል።

የቀረቡልን ሐሳቦች ሁለት ናቸው። አንደኛው ድርጅት በስድስት ወር ውስጥ ሙሉ ጥናት ከነባለቀለም የሕንጻ ሥዕሉ ሊያስረክበን ይፈልጋል። ሁለተኛው በግሉ የሚሠራ ባለሙያ ሲሆን፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን ጥናቱ የትኛውን ጥያቄ እንዲመልስ እንደምንፈልግ አስቀድመን በጽሑፍ እንድንሰጠው ጠይቋል። አብዛኞቹ ባልደረቦቼ ሥዕሉን ለአስተዳደሩም ለባለሀብትም ማሳየት ይቻላል በማለት ወደ መጀመሪያው ያደላሉ። እኔ ግን ሥዕሉ በእጃችን ከገባ በኋላ ማን ምን እንደሚሠራበት አልታይ ብሎኛል። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጡ ነበር?

የከተማ ፕላን ባለሙያ

ጥያቄዎን በወቅቱ ስላነሡት አመሰግናለሁ፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ምክር የሚጠየቀው የመጀመሪያው ክፍያ ከተከፈለ በኋላ ነው። ሁለተኛውን ሰው እመርጥ ነበር፤ ምክንያቱ ግን የዋጋው ማነስ አይደለም። ጥያቄውን አስቀድሞ የሚጠይቅ አማካሪ ለመልሱ ኃላፊነት ለመውሰድ የተዘጋጀ ነው። «ሙሉ ጥናት» የሚለው ስያሜ ግን ብዙውን ጊዜ ስለ ሁሉም ነገር ጥቂት ጥቂት የሚናገርና ማንንም ለውሳኔ የማያስገድድ ጥራዝ ይሆናል።

ስለ ከዚራ የሚደረግ ማንኛውም ጥናት ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ቤት የማን ነው? ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ የኢትዮጵያ ከተሞች መሀል ባለቤትነቱ የተበታተነ ነው። አንዱ ቤት የቀበሌ ይሆናል፤ አጠገቡ ያለው በቀድሞው የኪራይ ቤቶች፣ በአሁኑ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሥር ይሆናል፤ ሦስተኛው ለባለቤቱ የተመለሰ ወይም ከወራሽ ወደ ወራሽ የተላለፈ የግል ቤት ይሆናል፤ በጣቢያው ዙሪያ ያለው ደግሞ የባቡር ድርጅቱ ንብረት ነው። በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን የቆሙ አራት ሱቆች አራት የተለያዩ አከራዮች ሊኖሯቸው ይችላል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ አማካሪው «የሕንጻዎቹ ገጽታ ይታደስ» ብሎ ቢጽፍ ትእዛዙ ለማን ነው? የቀበሌ ቤት ተከራይ የበረንዳውን ምሰሶ በራሱ ገንዘብ ቢጠግን፣ ነገ ቤቱ ለልማት ሲፈለግ ያወጣውን ወጪ የሚተካለት ማን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ አይጠግንም፤ ባለመጠገኑም ሊወቀስ አይገባውም።

በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ምዕራፍ የቤት ለቤት መዝገብ እንዲሆን እመክራለሁ። ባለቤቱ፣ ተከራዩ፣ የውሉ ዓይነት፣ የኪራዩ መጠን፣ ቤቱ ለምን አገልግሎት እንደዋለ፣ ስንት ጊዜ ተዘግቶ እንደቆየ፣ ጣራውና ግድግዳው በምን ይዞታ ላይ እንዳለ፣ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነም ያ ይጻፋል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ለእይታም አያምርም። ሆኖም ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ምክር ሁሉ የሚያርፍበት ሰው ይኖረዋል። መዝገቡ ሳይሠራ የሚሣል ሥዕል ግን የሚያርፍበት መሬት የለውም።

በተጨማሪም የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ወደ ሌሎች ከተሞች ከተስፋፋ ወዲህ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እግረኛ መሄጃውና ስለ መብራቱ የሚሰጡ ውሳኔዎች በፍጥነት ይሰጣሉ። አማካሪው የትኞቹ ጎዳናዎች ውሳኔ እንዳገኙና የትኞቹ ገና ክፍት እንደሆኑ ከአስተዳደሩ በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ሥራ ቢጀምር፣ ጥናቱ ሳያልቅ ያረጃል።

ከመጋላ

እስካሁን የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሳልቃወም ማለፍ አልችልም። የድሬዳዋ መሀል ከተማ ከዚራ ብቻ አይደለም። የደቻቱን ወንዝ የተሻገረ ሁሉ እንደሚያውቀው የዕለት ተዕለቱ ንግድ ያለው በመጋላ ሰፈርና በቀፊራ ገበያ ነው። የጥናቱ ወሰን በወንዙ ዳር ካቆመ፣ አማካሪው የሚያጠናው ገበያተኛው የሄደበትን ቦታ ትቶ ገበያተኛው የተነሣበትን ቦታ ይሆናል። ከዚራ ጠዋት ቢሮና ባንክ የሚኬድበት ነው፤ ሰዉ ጉዳዩን ጨርሶ የሚገበያየው ግን ወዲህ ተሻግሮ ነው። ሁለቱን የሚያገናኙት ድልድዮች ላይ በየሰዓቱ ስንት እግረኛና ስንት ባጃጅ እንደሚያልፍ መቁጠር ብቻውን አማካሪውን ብዙ ያስተምረዋል።

ስለ ቆጠራው ከተነሣ ዘንድ፣ አማካሪው ከደጋ የሚመጣ ከሆነ የድሬን ሰዓት ይማር። በሙቀቱ ምክንያት ከእኩለ ቀን ጀምሮ ሱቁ ይዘጋል፤ ሰዉም ያርፋል፤ ፀሐይ ዘንበል ስትል ሱቁ እንደገና ተከፍቶ እስከ ምሽት ይሠራል። በስምንት ሰዓት ከዚራ ቆሞ እግረኛ የሚቆጥር ሰው «ከተማው ሞቷል» ብሎ ቢጽፍ አልፈርድበትም፤ ነገር ግን የጻፈው ስሕተት ነው። በረመዳን ደግሞ ገበያው ወደ ማታ ይዞራል። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ በከተማችን ሲያልፍ የሆቴልና የምግብ ቤት ገቢ ከሌላው ቀን ጋር አይነጻጸርም። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተቆጥሮ በ365 ቀን የተባዛ አኃዝ እንዳትቀበሉ።

ጠያቂዎቹም አማርኛ ብቻ የሚናገሩ መሆን የለባቸውም። በቀፊራ አትክልት የምትሸጠውን እናት በኦሮምኛ፣ ጨርቅ የሚሸጠውን በሶማሊኛ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ፣ መጠይቁ የሚሞላው አማርኛ በሚቀናቸው ሰዎች ብቻ ይሆናል፤ ውጤቱም ወደ እነርሱ ያጋደለ ይሆናል።

ስልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

እኔ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ስልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ የመሀል ከተማ ማነቃቂያ ለብዙ ዓመታት መነጋገሪያ ሆኖ ስለቆየ ያየሁትን ላካፍላችሁ። በ1990ዎቹ አጋማሽ (በዚህ መልእክት የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) «አሜሪካን ድሪም» የተባለ እጅግ ግዙፍ የገበያና የመዝናኛ ማዕከል ታቅዶ በ1996 ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ የተመረጠው መንገድ ሌላ ነበር፤ በ1938 የተሠራው የሲልቨር ሲኒማ ታድሶ በ2003 ተከፈተ፣ በዚያው ዓመት ዲስከቨሪ የተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚሁ ተከለ፣ በዙሪያቸውም ሱቆችና ምግብ ቤቶች ተሠሩ። በ2018 መጀመሪያ ላይ ግን ዲስከቨሪ ለቆ እንደሚሄድ አስታወቀ። በምሳ ሰዓት ከዚያ ሕንጻ ይወጣ የነበረው ሠራተኛ ሲቀር የአካባቢው ምግብ ቤቶች ምን ያህል እንደሚጎዱ መገመት ቀላል ነው። ሆኖም በፌንተን ቪሌጅ ሰፈር ያሉት ትንንሽ ንግዶች፣ ብዙዎቹ የኢትዮጵያውያን የሆኑት ጭምር፣ ሰፈሩን ሰፈር አድርገው አቆይተውታል። የናንተ ባቡር እንደኛው ዲስከቨሪ ይመስለኛል። አማካሪው የሄደውን ታላቅ ደንበኛ የሚተካ ሌላ ታላቅ ደንበኛ ፈልጎ እንዲያመጣላችሁ ብቻ አትጠይቁት።

ሁለተኛው ነጥቤ ስለ ሰው ነው። በአሜሪካ «ሜይን ስትሪት» ተብሎ የሚታወቀው የመሀል ከተማ ማነቃቂያ የተጀመረው በ1977 በሦስት ትንንሽ ከተሞች ሙከራ ነው፤ እነርሱም በኢሊኖይ ጌልስበርግ፣ በኢንዲያና ማዲሰን፣ በደቡብ ዳኮታ ሆት ስፕሪንግስ ናቸው። ጥናት ተጠንቶላቸው ብቻ አልተተዉም፤ ለእያንዳንዱ ከተማ ሙሉ ጊዜውን በዚያ ሥራ ላይ የሚያውል ሥራ አስኪያጅ ተመድቦ ሦስት ዓመት ሠርቷል። ነጋዴውን ሱቁ ድረስ ሄዶ የሚያነጋግር፣ ከባንክ ጋር የሚያገናኝ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ነበር። ያላችሁ ገንዘብ ለአንድ ጥራዝ ወይም ለአንድ ሰው የዓመት ደመወዝ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ሰውየውን ቅጠሩ እላለሁ።

የከዚራ ነጋዴ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። የመጋላው ወንድማችን ስለ ወሰኑ የተናገረውን ለባልደረቦቼ አንብቤላቸው፣ ድልድዮቹንና ቀፊራን በቆጠራው ውስጥ ለማስገባት ያለ ክርክር ተስማምተዋል።

የስልቨር ስፕሪንጉ ወንድማችን ሐሳብ ግን አከራክሮናል። ሰው ብንቀጥር በምን ሥልጣን ይሠራል? እኛ በፈቃዳችን ያዋጣን ነጋዴዎች ነን፤ ማንንም ማስገደድ አንችልም። አንዳንዶቻችን ደግሞ የምንቀጥረው ሰው ቀስ በቀስ የአንድ ወገን ጉዳይ አስፈጻሚ እንዳይሆን እንሰጋለን። ገለልተኛነቱን በወረቀት ላይ ከመጻፍ በቀር እንዴት እናረጋግጠው?

የግዥ ባለሙያ

በግዥ ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ ስለቆየሁ ስለ ገለልተኛነት ጥቂት ልበል። ገለልተኛነት ከውሉ አንቀጾች እንጂ ከአማካሪው ጠባይ አይጠበቅም። ዋናው አንቀጽ የጥቅም ግጭትን የሚመለከተው ነው፦ ይህን ጥናት ያጠና ሰው ወይም ድርጅት፣ ከእርሱ ጋር ዝምድና ያለው ኩባንያም ጭምር፣ ከጥናቱ በሚመነጨው የግንባታ ሥራ እንደማይወዳደር ይጻፍ። የዓለም ባንክ በሚደግፋቸው ፕሮጀክቶችም መርሁ ይኸው ነው። ባለቀለም ሥዕል የሚያቀርብላችሁ ድርጅት ሕንጻውንም ሊሠራ ካሰበ፣ ሕንጻ እንደሚያስፈልጋችሁ የሚደመድም ጥናት ቢያቀርብ ሊደንቃችሁ አይገባም። ድርጅቱን አላውቀውምና በእርሱ ላይ ክስ ማቅረቤ አይደለም፤ አንቀጹ ግን ታማኙን ሰው ከሐሜት ይጠብቀዋል።

በምርጫው ጊዜ የቴክኒኩና የዋጋው ሰነድ በተለያየ ፖስታ ይቅረብ፤ የዋጋው ፖስታ የቴክኒኩ ምዘና ተጠናቆ ነጥቡ ከተመዘገበ በኋላ ይከፈት። ለእንዲህ ያለ የአእምሮ ሥራ ከመቶው 70 ወይም 80 ነጥብ ለቴክኒክ መስጠት የተለመደ ነው። በቴክኒኩ ምዘና ውስጥ ደግሞ ከድርጅቱ ስም ይልቅ ሥራውን በአካል ለሚሠራው ሰው ከፍ ያለ ነጥብ ስጡ። በሰነዱ ላይ ስመ ጥር ባለሙያ ጽፎ ወደ ስፍራው ጀማሪ መላክ የታወቀ ችግር ስለሆነ፣ ዋናው ባለሙያ ያለ እናንተ የጽሑፍ ስምምነት እንደማይለወጥ ውሉ ውስጥ አስገቡ።

ክፍያውን በሥራ ውጤት ከፋፍሉት። በመነሻ ሪፖርቱ ጊዜ ጥቂት፣ የቤት ለቤት መዝገቡ ሲረከብ ከፍ ያለ፣ ረቂቁ ለነጋዴውና ለነዋሪው ቀርቦ አስተያየት ሲሰጥበት የተወሰነ፣ የመጨረሻው ጥናት ሲጸድቅ ቀሪው ይከፈል። ጥሬ መረጃው፣ ማለትም መጠይቁ፣ የቆጠራ ቅጹና ካርታው በሚስተካከል ፋይል የእናንተ ንብረት ሆኖ ይረከብ። አንድ ከተማ የተቃኘ (ስካን የተደረገ) ወረቀት ብቻ ተረክቦ፣ ከዓመታት በኋላ ያንኑ መረጃ እንደገና ለማሰብሰብ ሁለተኛ ሲከፍል አይቻለሁ።

የባቡር ጡረተኛ

በድሬዳዋ የባቡር ጥገና ክፍል ያገለገልኩ ጡረተኛ ነኝ፤ ልጄ ጽሑፋችሁን አንብቦልኝ ይህን እንዲጽፍልኝ ጠይቄዋለሁ። ለምትቀጥሩት ሰው ሁለት ነገር ንገሩት። የመጀመሪያው፣ የድሮው ድርጅት ወረቀት በብዛት የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። የቦታው ወሰን፣ የቤቶቹ ካርታ፣ የውኃ መስመሩ ሳይቀር በዚያ ቋንቋ የሰፈረ ስለሆነ፣ ፈረንሳይኛ የሚያነብ ሰው አብሮት ከሌለ ግማሹን ነገር ያጣዋል። ሁለተኛው፣ ጣቢያውን «ሙዚየም ይሁን» ብሎ በአንድ ቃል እንዳያልፈው። በጥገና ክፍሉ የሠሩ ቀጥቃጮች፣ ቶርኒተሮችና በያጆች ዛሬም በከተማዋ አሉ፤ ዕድሜያችን ግን እየገፋ ነው። ያ ግቢ ወጣት የሚሠለጥንበትና ዕቃ የሚሠራበት ቢሆን ከዚራ ጠዋትም ማታም ሰው ይኖረዋል። ይቻል አይቻል እንደሆነ ያጥና፤ መልሱ «አይቻልም» ቢሆን እንኳ ምክንያቱን ጽፎ ያሳየን።

የከተማ ፕላን ባለሙያ

አባታችን ስለ ፈረንሳይኛው ሰነድ የተናገሩት የትኛውም ቢጋር ላይ አይቼው የማላውቅ ትልቅ ነጥብ ነው።

ቀድሞ ወደ ተነሣው የሥልጣን ጥያቄ ልመለስ። በሰሜን አሜሪካ የመሀል ከተማ ሥራ አስኪያጅ ደመወዝ በብዙ ቦታ የሚከፈለው በአካባቢው ካሉ ባለንብረቶች ወይም ነጋዴዎች በሕግ ከሚሰበሰብ ክፍያ ነው፤ አሠራሩ በ1970 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ ብሎር ዌስት ቪሌጅ ተጀምሮ የተስፋፋ ነው። እኛ ዘንድ መሬቱ የመንግሥት፣ ቤቱ በከፊል የቀበሌ፣ ነጋዴው በአብዛኛው ተከራይ በመሆኑ ያንን እንዳለ ማምጣት አይቻልም። ይሁን እንጂ በፈቃድ የሚዋጣ ገንዘብና ከአስተዳደሩ ጋር የሚፈረም የመግባቢያ ሰነድ ለመነሻ ይበቃሉ። የመግባቢያ ሰነዱ አንድ ነገር ብቻ ቢያስገኝ በቂ ነው እላለሁ፦ ተከራዩ በፈቃድ ያደረገው እድሳት በባለሙያ ተገምቶ፣ ከኪራዩ በየወሩ እንዲታሰብለት ወይም ቤቱ ሲፈለግ እንዲተካለት። ይህ ከተገኘ፣ ሱቁን ለመቀባት ማንም መቀስቀስ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ጥናቱን ወይስ ሰውየውን የሚለው ምርጫ ሁለቱን አጥብቦ በማጣመር ሊፈታ ይችላል። ግለሰቡን አማካሪ ለአጭር ጊዜ ቅጠሩት፤ መዝገቡንና ቆጠራውን ይሥራ፣ የመግባቢያ ሰነዱን ረቂቅ ያዘጋጅ። ከእርሱ ጋር ገና ከመጀመሪያው ቀን የሚሠራ አንድ የከተማዋ ልጅ መድቡ፤ ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ወጣት ሊሆን ይችላል። አማካሪው ሲሄድ ያ ሰው ይቀራል፤ መዝገቡንም በየጊዜው የሚያድስ እርሱ ነው።

የከዚራ ነጋዴ

ትናንት ማታ ተሰብስበን ተነጋግረናል። ስድስት ወር የሚፈጀውን ሙሉ ጥናት ትተን በግሉ ከሚሠራው ባለሙያ ጋር ለመቀጠል ተስማምተናል። የቢጋሩን የመጀመሪያ አንቀጽ እንዲህ አርቅቀነዋል፤ እንድታርሙልን እለምናለሁ።

«የዚህ ሥራ ዓላማ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ እስከ ቀፊራ ባለው አካባቢ የሚገኙ የንግድ ቤቶችን ባለቤትነት፣ ይዞታና አገልግሎት ቤት ለቤት መዝግቦ፣ የእግረኛውን እንቅስቃሴ በጠዋት፣ ከቀትር በኋላና በምሽት ቆጥሮ፣ ተከራይ ነጋዴዎች ለሚያደርጉት እድሳት ዋስትና የሚሰጥ የመግባቢያ ሰነድ ረቂቅ ማዘጋጀት ነው። አማካሪው የሚያቀርበው እያንዳንዱ ምክር ፈጻሚውን አካል፣ የሚያስፈልገውን ገንዘብና የገንዘቡን ምንጭ መግለጽ ይኖርበታል። አማካሪውና ከእርሱ ጋር የተዛመደ ማንኛውም ድርጅት ከዚህ ጥናት በሚመነጭ የግንባታ ሥራ አይወዳደሩም።»

ከመጋላ

ጥሩ አድርጋችሁ ጽፋችሁታል። ሦስት ነገር ብቻ ጨምሩበት። ቆጠራው በአንድ ተራ ሳምንት፣ በረመዳን ውስጥ በሚገኝ ሳምንትና በታኅሣሥ 19 ሰሞን እንዲካሄድ ይገለጽ። መጠይቁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ እንዲቀርብ ይጻፍ። «የንግድ ቤቶች» የሚለው ቃል ደግሞ በረንዳ ላይና መንገድ ዳር የሚሸጡትን ስለማይጨምር እነርሱም በስም ይጠቀሱ፤ በጥናቱ ውስጥ ያልተቆጠረ ሰው እድሳቱ ሲጀመር መጀመሪያ የሚነሣው እርሱ ነው። ከቀፊራ በኩል ለቆጠራው የሚተባበሩ ሰዎችን እኔ አሰባስባለሁ፤ ቀኑን ስትወስኑ አሳውቁኝ።

የግዥ ባለሙያ

ረቂቁ ላይ ርክክቡን ተቀብሎ የሚፈርመው ማን እንደሆነ አልተገለጸም። ገንዘቡን ያዋጣችሁት ብዙ ስለሆናችሁ፣ ሥራውን መርምሮ የሚቀበል ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ በስም ይሰየም፤ አንዱ ከመጋላ ይሁን። አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜም በቀን ይወሰን፤ ካልተወሰነ የእናንተ መዘግየት ለአማካሪው መዘግየት ምክንያት ይሆናል። ይህ ሲስተካከል ለሕግ ባለሙያ አሳይታችሁ ልትፈራረሙ ትችላላችሁ።